ሰው የለም ያለው ቤት

ከጥቂት ዓመታት በፊት መካነ ሰላም ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታስቆም ሱቅ ነበረችኝ። ሞባይል እጠግናለሁ፣ ዲሽ እተክላለሁ፣ ሰው ሲጠራኝ ደግሞ የቤት መብራት መስመር እዘረጋለሁ። ይበልጣል እባላለሁ፤ ሙያውን ያስተማረኝ የለም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ስለሆነ ምኞቱ ዜማ እንድማርለት ነበር። እኔ ግን የጎረቤት ሬዲዮ ፈትቼ መግጠም ስጀምር ዝም ብሎ አየኝና ተወኝ። ከዚያ በኋላ የተማርኩት ከስልኬ ነው። ኔትወርክ በማይጨናነቅበት በማለዳ ቪዲዮ አወርድና ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አያለሁ። በተለይ አንድ ህንዳዊ ነበር፤ ከሚናገረው አንዲት ቃል ሳትገባኝ እጁን ብቻ እያየሁ ግማሹን ሙያዬን ከእሱ ወሰድኩ።

ብዙ አላወራም። ሽቦ ሳጥፍ ማዕዘኑ ካልተስተካከለልኝ ፈትቼ እንደገና አጥፋለሁ። ሰዎች ግድግዳ ውስጥ ለሚቀበር ሽቦ ምን አስጨነቀህ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ዛሬ ሱቄ ሰፍቷል፣ ከመናኸሪያውም ርቋል። ያቺን ጠባብ ሱቅ ግን እስካሁን እናፍቃታለሁ። የምበይድባት የሊዷ ጭስ ይናፍቀኛል። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከደንበኛ ጋር በምልክት የሚያግባባን የክረምት ዝናብ፣ ከውጭ «ከላላ! ከላላ፣ ሁለት ሰው!» እያሉ የሚጣሩት የሚኒባስ ረዳቶች ይናፍቁኛል። የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ በዚያ ዘመኔ ነው።

ሐያት ወደ ሱቄ የመጣችው በጥቅምት፣ ብርዱ ገና መቆንጠጥ ሲጀምር ነው። በከላላ መንገድ ካለ አንድ መንደር የተወለደች ናት። ገና ልጅ ሳለች ሳዑዲ ሄዳ የሰው ቤት ስትሠራ ኖራለች። በላከችው ብርም አጎቷ ጋሽ ይማም ከከተማው መውጫ ላይ ባለ አራት ክፍል ቤት አሠርተውላታል። ቤቱ ቀለም ተቀብቶ አልቋል፤ የቀረው መብራቱ ነው።

«ስማርት ሆም ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ቃሉን ከቪዲዮ እንጂ ከሰው አፍ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ደስታዬን እንዳታይብኝ አቀርቅሬ ጠረጴዛዬን መጠራረግ ጀመርኩ።

ነገሩን አስረዳችኝ። ቤቱ የተሠራው ለእናቷ ለእማማ ሉባባ ነው። እማማ ሉባባ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ገጠር፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ቤታቸው ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለፈው ክረምት ግቢያቸው ውስጥ ጭቃ አንሸራትቷቸው ወድቀው፣ ዳሌያቸውን ተመትተው መነሣት አቅቷቸው ነበር። ሐያት የሰማችው ከቆየ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም አለችኝ። አሁን የመጣችው በአጭር ፈቃድ ነው፤ በጊዜው ካልተመለሰች ሥራዋም የመኖሪያ ፈቃዷም ይቀራል። እናቷን እዚያ ገደል አፋፍ ላይ ጥላ ለመመለስ ደግሞ አንጀቷ አልቻለም። እማማ ሉባባም ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡም። መጥቼ አየዋለሁ፣ ልቤ ካረፈ እቀመጣለሁ፣ ካላረፈ ግን አትጨቅጭቂኝ ብለዋል።

እንግዲህ የእናትየው ልብ የሚያርፍበትን ነገር መምረጥ የእኔ ሥራ ሆነ።

ያወቅሁትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። በሽቦ ከአንድ ሳጥን ጋር የሚገናኝ አለ፤ ጠንካራ ነው፣ ግን ግድግዳው እንደገና መቆፈር ይኖርበታል። በዋይፋይ የሚሠራ አለ። በድምፅ የሚታዘዝም አለ፤ አብራ ስትለው ያበራል፣ አጥፋ ስትለው ያጠፋል። ችግሩ አማርኛ አይሰማም፤ እንግሊዝኛና ዐረብኛ ነው የሚያውቀው። እናትሽ በልጅነታቸው ቁርኣን ተምረው ከሆነ ጥቂት ቃል ብናስጠናቸውስ አልኳት።

«ሲያዙኝ የኖሩት በዐረብኛ ነው» አለች። «እናቴ ቤት ዐረብኛ ለሶላት ብቻ ነው።»

ይህን ስትል ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። የምትሠራበት ቤት አሠሪዋ አልጋዋ ላይ ተጋድማ፣ ማጥፊያው በእጇ ልክ እያለ፣ እሷን ከኩሽና ጠርታ መብራት ታስጠፋት እንደነበር ነገረችኝ። ዕድሜዬ ያለቀው ለሰው መብራት ሳበራና ሳጠፋ ነው አለችኝ። የምትፈልገው ቀላል ነበር። እናቷ በምትኖርበት ቤት ማንም ማብሪያ ማጥፊያ አይነካም። ሲገቡ ይብራላቸው፣ ሲወጡ ይጥፋላቸው።

ይህ ሴንሰር ነው። የሰው እንቅስቃሴ ሲያይ የሚያበራ፣ ለጥቂት ደቂቃ እንቅስቃሴ ካጣ የሚያጠፋ ትንሽ ነጭ ነገር፤ ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ዕቃውን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በየክፍሉ ሴንሰር ገጠምኩ፤ መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ በሩ ላይ፣ ኮሪደሩና ሳሎኑ ውስጥ ደግሞ ሐያት ከሳዑዲ ሆና የምታይባቸው ካሜራዎች አደረግሁ። የማብሪያ ማጥፊያዎቹን ቀዳዳዎች ሐያት ባዘዘችው መሠረት በነጭ ክዳን ዘጋኋቸው። ክዳኖቹ ጠማማ እንዳይሆኑ በውኃ ልክ ነው የለካኋቸው።

ሥራው ሲያልቅ ፈተንነው። እኔ ከክፍል ክፍል ተመላለስኩ፤ መብራቱ ከእግሬ ቀድሞ እየበራ ተቀበለኝ። ሐያት ነጠላዋን አንጠልጥላ እንደ ሙሽራ እየተንጎራደደች ከኮሪደር ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ሄደች። የተዘጋበት ማዕዘን፣ የሳተው ጥግ አልነበረም። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ መሬት የነካ አይመስለኝም።

እማማ ሉባባ የመጡት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። አጠር ያሉ፣ ቀጭን፣ ሙስበሃ የሚሉት መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ደፉን በቀኝ እግራቸው ተሻግረው «ቢስሚላህ» ሲሉ የኮሪደሩ መብራት ቦግ አለ። ቀና ብለው አዩትና ሰውን እንደሚያረጋጉ ሁሉ «አብሽር፣ እኔ ነኝ» አሉት። ሐያት ከት ብላ ሳቀች፤ ጋሽ ይማምም ሳቁ። እኔ ልቤ ሞቅ አለ። ወደዱት አልኩ በሆዴ።

ማታውኑ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ከመግሪብ ሶላት በኋላ የቤቱ ዱአ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ የታረደው በጓሮ በኩል ቀረበልን። ከተበላ በኋላ ሁላችንም ሳሎኑ ዙሪያ በተነጠፈው፣ መጅሊስ በሚባለው የዐረብ ፍራሽ ላይ ተቀመጥን፤ እማማ ሉባባ ጥጉን ያዙ፤ የሰፈሩ ሼህ ዱአውን ከፈቱ። አጫጭሮቹ አለፉ። ከዚያ ረጅሙ መጣ። ለሞቱት፣ ላሉት፣ በየበረሃውና በየባሕሩ ማዶ ለተበተኑት ልጆች የሚደረገው ነው። መዳፍ ሁሉ ተዘረጋ፣ አንገት ሁሉ ተደፋ። «አሚን» ከማለት በቀር ከንፈር እንኳ የሚያንቀሳቅስ አልነበረም።

መብራቱ ጠፋ።

ማንም አልደነገጠም። መካነ ሰላም ውስጥ መብራት ሄደ ተብሎ ዱአ አይቋረጥም። ሼሁም ቀጠሉ። እኔ ግን በሩ አጠገብ ስለነበርኩ በመስኮቱ ይታየኝ ነበር፤ የመስጊዱ ሚናራ ላይ ያለው መብራት እንደበራ ነው፤ የማዶው ቤትም እንደበራ ነው። ደግሞስ ባትሪው የት ሄዶ? ወዲያው ገባኝ። ብንቀሳቀስ ይበራል፤ ግን በዱአ መካከል ተነሥቼ እጄን እንዴት ላወናጭፍ?

አንዱ ሽማግሌ ሊያስሉ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሲያነሡ በራ። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ከፈተ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠፋ። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠፋ ሼሁ ዱአውን በእርጋታ ዘጉና ፊታቸውን አበሱ። ሁሉም ፊቱን ሲያብስ ሳሎኑ እንደ ቀትር ሆነ።

«የምን መብራት ነው?» አሉ ሼሁ።

መመለስ ነበረብኝ። ሰው ሲንቀሳቀስ እንደሚበራ፣ ሰው አርፎ ከተቀመጠ ግን ክፍሉ ባዶ እንደሚመስለው አስረዳሁ።

«በል እንግዲህ!» አሉ ጋሽ ይማም። «የእህቴ ልጅ ጭፈራ እንጂ ዱአ የማይወድ ቤት አሠርታለች። ከዛሬ ጀምሮ እስክስታ እየመታን ነው የምንሰግደው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሼሁ ራሳቸው ሳቁ። አንድ ጎረምሳ ትከሻውን ነቅነቅ ሲያደርግ መብራቱ አየሁህ ይልሃል እያሉ ቀለዱበት። ሐያትም እንደ ምንም ሳቀች። ያልሳቁት እማማ ሉባባ ብቻ ነበሩ። ሙስበሃቸውን ይዘው ጣሪያውን ቀና ብለው ያያሉ።

እንግዳው ሲበተን ዕቃዬን ለመሰብሰብ ዘግየት አልኩ። ሐያት ሳህን ስታነሣ ኩሽና ነበረች። እማማ ሉባባ ብቻቸውን ሳሎን ተቀምጠው ሳለ እንደገና ጨለመባቸው። በጨለማው ውስጥ ድምፃቸውን ሰማሁት፤ ቁጣ የለበትም።

«ሐያት፣ ይኸ ቤት አሁንም ሰው የለም አለ።»

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን እንደከፈትኩ ሐያት መጣች። ዓይኗ አብጧል። እናቷ ከንጋቱ የፈጅር ሶላት በኋላ ጋሽ ይማምን «አየሁት፤ ያምራል» ብለው በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ መንደራቸው ተመልሰዋል። ሐያት የምትሄድበት ቀን ተቃርቧል። እኔ ብናገር ከአፌ አይሰሙኝም፣ አንተ ሂድና እንደሚስተካከል አስረዳቸው አለችኝ። ሱቄን ዘጋሁና አብረን ሄድን።

ሚኒባሱ ዋናው መንገድ ላይ አወረደን። ከዚያ በእግር ነው። እህሉ ቢጫ መሆን የጀመረበት ወቅት ነበር፤ የገብሱ ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የእማማ ሉባባ ቤት ከአፋፍ ላይ ነው። ከደጁ ጥቂት ራመድ ሲሉ መሬቱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከሸለቆው ማዶ ሌላ አፋፍ፣ እዚያም ላይ አንድ ብቸኛ ቤት ይታያል። ስንደርስ የከሰዓቱን የዐስርን ሶላት ጨርሰው ደጃቸው ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ሰላምታቸው ሞቅ ያለ ነበር፤ ወተት ቀዱልን፤ ስለ አባቴ ጤንነት ጠየቁኝ። ስለ ቤቱ ግን አንድም ነገር አላነሡም።

በመጨረሻ ሐያት አልቻለችም። ይስተካከላል እኮ እማ፣ ጊዜውን እንዲያረዝመው ይደረጋል አለቻቸው። እኔም ቶሎ ብዬ ጊዜው እስከ ግማሽ ሰዓት ሊረዝም እንደሚችል ነገርኳቸው።

«እኔ ከዐስር እስከ መግሪብ ነው የምቀመጥ» አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልፋትሽን አላህ ይቁጠርልሽ፤ ቤትሽ ቤት ነው፣ ማሻ አላህ። ግና እኔ ተቀምጬ ሳለሁ ሰው የለም ይላል። እጄን ሳወናጭፍለት ነው የሚያምነኝ። በገዛ ቤቴ መኖሬን ላስረዳ እንዴ ልጄ?»

ሐያት አቀረቀረች። እኔ ደግሞ የዋይፋዩን፣ የባትሪውን፣ የካሜራውን ጥቅም ላስረዳ ብዬ ተውኩት። ያመጣሁት ማስረጃ ሁሉ እሳቸው የጠየቁትን አይነካም።

ዝም ብለን ተቀመጥን። ስልኬን አላወጣሁም። እንደዚያ ያለ ሥራ የመቀመጥ ልማድ አልነበረኝም፤ መጀመሪያ እግሬ ደነዘዘ፣ ቀጥሎ ዓይኔ መለየት ጀመረ። እማማ ሉባባ ሙስበሃቸውን የሚቆጥሩት በአንድ አውራ ጣት ነው፤ ከሱ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የላቸውም። ግን ሥራ ፈት አልነበሩም። በለሆሳስ የሰው ስም ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ትንሽ ቆም ይላሉ፤ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። የሐያትን ስም ሲጠሩ፣ ልጅቱ አጠገባቸው ተቀምጣ እያለች እንኳ፣ ከሌላው ይልቅ ረዘም አሉ።

ፀሐይ ገባች። ሸለቆው ከታች ወደ ላይ ጠቆረ። ማዶ ካለው ቤት አንዲት ነጥብ ብርሃን ታየች።

«ውዴ ገባች» አሉና እማማ ሉባባ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። ከውስጥ ትንሽ የሶላር ፋኖስ አምጥተው አበሩና የበሩ መቃን ላይ ካለው ሚስማር ሰቀሉት። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ለምንድን ነው ውጭ የሚሰቅሉት?» አልኳቸው። የዚያን ቀን የጠየቅሁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ ማስረዳት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ነገሩኝ። ማዶ ያሉት እትዬ ውድነሽ ናቸው፤ እሳቸውም ባላቸው ሞተውባቸዋል። ቢጮኹ የማይሰማበት ርቀት ነው፤ ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን መውጣት ደግሞ ላረጀ ጉልበት ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሲመሽ አንዷ ታበራለች፣ ሌላዋ አይታ ታበራለች። ውላቸው ይኸው ነው። ክረምቱን እማማ ሉባባ ጭቃው ላይ በወደቁ ቀን ፋኖሷ አልበራችም። እትዬ ውድነሽ ጥቂት ጠብቀው፣ ዱላቸውን ይዘው በዚያ ዝናብ ቁልቁለቱን ወረዱ። ያነሷቸው እሳቸው ናቸው።

ሐያት ይህን ሰምታ አታውቅም። ጎረቤት አነሳቻቸው ሲሏት አጠገብ ያለ ሰው መስሏት ኖሯል። ተነሥታ አፋፉ ጫፍ ድረስ ሄደችና ማዶ ያለችውን ነጥብ ረጅም ጊዜ አየች።

ስትመለስ እኔ የምለውን አውቄ ነበር። እንዲህ አልኳቸው፦ «እማማ፣ ማብሪያ ማጥፊያውን በየቦታው እመልሰዋለሁ። በእጅዎ ያበራሉ፣ በእጅዎ ያጠፋሉ። ሲመሽ የሳሎኑን ሲያበሩ ሐያት ያለችበት አገር ስልኳ ላይ ይደርሳታል። ካልበራ ታውቃለች፤ ለጋሽ ይማም ትደውላለች።»

አሰቡበት። «እሱስ ደግ ነው» አሉ። «እሷ የኔን ታያለች። እኔስ የሷን በምን አያለሁ?»

ይህን የትኛውም ቪዲዮ አላስተማረኝም። የተከልኳቸው ካሜራዎች ሁሉ የሚያዩት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፤ ከዚያ ወደዚህ። ልጅቱ እናቷን እንድታይ ሁሉን ነገር አሰናድተናል፤ እናትየው ግን ስልክ ከሚደወልበት ቀን እስከሚደወልበት ቀን ድረስ ጨለማ ውስጥ ናቸው።

የመለሰችው ሐያት ናት። «ይበልጣል» አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እኔ ከዚያ ሆኜ እዚህ መብራት ማብራት እችላለሁ?»

«ትችያለሽ።»

«እንግዲያው አንቺ ጋ ያለች አንዲት መብራት እኔ አበራለሁ እማ፤ ስትበራ አለሁ ማለት ነው።»

እማማ ሉባባ ወዲያው እሺ አላሉም። አንድ ነገር ቀርቷቸው ነበር፤ እሳቸው ከተማ ከገቡ ውዴ የማንን መብራት ታያለች? በዚህ ላይ ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ መሬታቸውን የሚያርስላቸው የእህታቸው ልጅ ከነሚስቱ አፋፉ ላይ ያለው ቤት ውስጥ እንዲገባና በየምሽቱ ፋኖሷን እንዲሰቅል ተስማሙ። ለእህታቸው ልጅ ሲነግሩትም ቤት ሰጠሁህ አላሉትም፤ ውዴን አደራ ነው ያሉት። ያም ሆኖ መጥቼ እሞክረዋለሁ አሉ እንጂ እኖራለሁ አላሉም።

ሴንሰሮቹን ከሳሎንና ከመኝታ ቤት አወረድኩ፤ ሰው ቆሞ በማይቆይባቸው በኮሪደርና በመጸዳጃ ቤት ብቻ ተውኳቸው። ነጫጮቹን ክዳኖች ፈትቼ ማብሪያ ማጥፊያ ገጠምኩ። ከፍታውን የወሰንኩት እማማ ሉባባን መጅሊሱ ላይ አስቀምጬ፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚደርሱበትን በእርሳስ ምልክት አድርጌ ነው። ሳሎን ውስጥ ስላለው ካሜራ እናትና ልጅ ተከራከሩ። ሐያት ብትወድቂስ አለች፤ እማማ ሉባባ ደግሞ ሻሽ ሳላስር ልቀመጥ በማልችልበት ክፍል ምን ልሠራ አሉ። የሳሎኑም የኮሪደሩም ካሜራ ወረደ፤ የበሩ ብቻ ቀረ። መስኮቱ አጠገብ፣ እማማ ሉባባ ከሚሰግዱበት በኩል፣ አንዲት ትንሽ መብራት አቆምኩ። እሷ እዚህ ቤት ውስጥ ማብሪያ የላትም። የምትበራው ከሐያት ስልክ ብቻ ነው።

ሐያት ከመሄዷ በፊት ሱቅ መጥታ ነበር። ሥራ የሚበዛበት ቀን እንዳለ፣ በረመዳን ለራሷ መተንፈሻ እንኳ እንደማታገኝ ነገረችኝና፣ ሰዓቱ ሲደርስ ትንሿ መብራት ራሷ እንድትበራ ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ይቻላል። አፑ ውስጥ ገብቶ ሰዓት መሙላት ነው፤ ከደቂቃ የበለጠ አይፈጅም።

«ይቻላል» አልኳት። «ያን ጊዜ ግን የሚያበራላቸው እኔ የሞላሁት ሰዓት ነው።»

ስልኳን ዘርግታልኝ ነበር። ጥቂት አየችኝና መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ሐያት ሳዑዲ ተመልሳ ሥራዋን በጀመረች ቀን ማታ ባትሪውን ልፈትሽ በሚል ሰበብ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ጋሽ ይማምም በሆነ ሰበብ መጥተዋል። እማማ ሉባባ ሲመሽ እጃቸውን ዘርግተው የሳሎኑን አበሩ። ከዚያ መጅሊሱ ላይ ተቀመጡና ወደ መስኮቱ ዞሩ። የመግሪብ አዛን ተሰማ። ሰገዱ። መብራቷ አልበራችም። ጋሽ ይማም «አሠሪዋ ሳትለቃት ቀርታ ይሆናል» አሉ። እማማ ሉባባ ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም። ሙስበሃው ይዞራል። እኔ ስልኬን አውጥቼ መስመሩ እንዳልተቋረጠ አየሁ፤ ሁሉም ነገር ይሠራል። የቀረው ሰው ነው፤ ሰውን ደግሞ መፈተሽ አልችልም። አውቶማቲኩን ሞልቼው ቢሆን ኖሮ እኚህ አሮጊት እንዲህ አይጨነቁም ነበር ብዬ አሰብኩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜም በምርጫዬ ተጠራጠርኩ።

ትንሿ መብራት በራች።

የእማማ ሉባባ ከንፈር መንቀሳቀሱን አቆመ። «አልሀምዱሊላህ» አሉና ወደ ጋሽ ይማም ዞረው፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ይማም፣ ነገ ወደ ላይ የሚሄድ መኪና ካገኘህ ሳጥኔን አስመጣልኝ» አሏቸው።

ጋሽ ይማም እኔን አዩኝ። ሳጥኑ የሰርጋቸው ሳጥን ነው፤ ከዚያ አፋፍ ወርዶ አያውቅም።

ይህን ያነበባችሁ ምናልባት እናንተም ቤት ሠርታችሁ፣ ወይም ለወላጆቻችሁ አሠርታችሁ፣ የትኛውን ሥርዓት እናስገጥም እያላችሁ ይሆናል። ደጎሎም ከላላም እየተጠራሁ እሄዳለሁ፤ ዛሬ ዕቃው በየዓይነቱ ሞልቷል፤ ሁሉንም ልነግራችሁ እችላለሁ። ግን ካርቶኑን ከመክፈቴ በፊት የማደርገው አንድ ነገር አለ። ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው አገኘዋለሁ፤ ሲመሽ ከሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ እቀመጣለሁ፤ ዝም እላለሁ። አንዳንዱ ባለቤት ይህ ሰው ሥራ አይጀምርም እንዴ እያለ ሰዓቱን ያያል። ይየው። ድሮ ልክ መሆን ማለት የሽቦ ማዕዘን ይመስለኝ ነበር። አሁንም ማዕዘኑን አልተውኩትም፤ ግን ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚሠራ ሳላውቅ የምመርጥለት ነገር ሁሉ ግምት መሆኑን ከእማማ ሉባባ ደጃፍ ተምሬ መጥቻለሁ። እናንተም ለእናታችሁ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ምሽት አብራችኋት ቁጭ በሉ። የምትጠይቃችሁን አስቀድማችሁ ታውቃላችሁ ብዬ አላስብም።

በቅርቡ የግቢውን በር ቁልፍ ለመቀየር ወደዚያ ቤት ሄጄ ነበር። እትዬ ውድነሽ አርፈዋል፤ የእማማ ሉባባ የእህት ልጅ ፋኖሷን አሁንም ይሰቅላታል፣ ማዶ የሚመልስለት ባይኖርም። ይህን የነገሩኝ እማማ ሉባባ ናቸው። ሲመሽ እጃቸውን ዘርግተው የሳሎኑን አበሩ። እኔም የጫማዬን ክር ፈትቼ መጅሊሱ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስም መጥራት ጀመሩ፤ በመካከል የውዴን ስም ጠሩ፤ የሐያት ጋ ሲደርሱ ረዘም አሉ። የመስኮቷ መብራት ቀድማ በርታለች። ከዚያ እሳቸውም እኔም ረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀስንም፤ ሳሎኑም እንደበራ ነበር።